ከአምፖል ያነሰ ሞተር

መብራት ሰርቀሃል ተብዬ ከሥራ ተባረርሁ። አልሰረቅሁም። በአሰብ የመብራት ማሽን ቤት ስድስት ዓመት ዘይት ስቀባ፣ ጥላሸት ስጠርግ፣ ናፍጣ ስቀዳ ኖሬ አንድ ምስማር ይዤ ወጥቼ አላውቅም። የተባረርሁበት ወረቀት ግን ጥፋቴን ያመንሁት እኔው ራሴ ነኝ ይላል፤ ከሥሩም የአውራ ጣቴ አሻራ አለበት። አሻራው የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ አይደለም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።

ይህን ያስቀደምሁት እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። መጻፍ የፈለግሁት ስለ ካቦ ተክሌ ነው፤ ስለሱ ለመጻፍ ደግሞ ከዚህ ሌላ መጀመሪያ አጣሁ።

መሞቱን የሰማሁት ከደሴ እህል ጭኖ ከወረደ ሾፌር ነው። ከተባረርሁ ወዲህ በምሠራበት ጨው ማምረቻ በር ላይ ጆንያ ተሸክሜ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ "ያ የዓሣው ሰውዬ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አረፈ አሉ" አለኝ።

"የቱ የዓሣ ሰውዬ?" አልሁት። አሰብ ውስጥ ዓሣ የማይነካ ማን አለ?

"የሚያጠምደው አይደለም ባክህ። ቤቱ የሚያኖረው። ያንተው ካቦ።"

ጆንያውን አወረድሁት። ተቆጣጣሪው፣ "አንተ ወሎዬ፣ ማን አውርድ አለህ?" ብሎ ጮኸብኝ። መልሼ ተሸከምሁት። ለካቦ ተክሌ ያለቀስሁለት ለቅሶ ይኸው ነው፤ አንድ ጆንያ አውርዶ ማንሳት።

በፊቱ "እርስዎ" እለው ነበር። እዚህ "እሱ" ያልሁት ንቄው አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ስጣላው ኖሬ "እሳቸው" ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው።

ካቦ ተክሌ ያደገው ምጽዋ፣ አንድ ጣሊያን መካኒክ ቤት ነው። የማሽን ቤቱ የመብራት ሠራተኞች አለቃ፣ በጣሊያኖቹ አጠራር ካቦ፣ ነበር። ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ሰው። ከቀበቶው ኋላ የምትንጠለጠል ጨርቅ አለችው፤ ሰው ሲያናግረው መልስ ከመስጠቱ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርግባታል፤ እጁ ንጹሕ ቢሆንም ይጠርጋል። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርስ ይናገራል። የጽሕፈት ቤቱ ሹም ይሁን የበር ዘበኛ፣ አምስቱ ጣት ሳያልቅ መልስ አያገኝም። ሚስቱ የአሰብን ሙቀት አልችልም ብላ አስመራ ከተመለሰች ቆይታለች። "አሰብ ውስጥ ሙቀት ነው ብሎ የማያማርር ፍጡር ዓሣ ብቻ ነው" ይል ነበር፤ "ስለዚህ ከሱ ጋር እኖራለሁ።"

ዓሣ ማኖሩን ያመጣው ከዚያው ከጣሊያኑ ቤት ነው። የመስታወት ሳጥን ነው፤ እነሱ አኳሪዮ ይሉታል። ዓሦቹን ዓሊ የሚባል የራሔይታ ዓሣ አጥማጅ በጣሳ ያመጣለታል። ቢጫ ባለጥቁር መስመር፣ ሰማያዊ፣ አንዷ ደግሞ እንደ ሎሚ ድብልብል ያለች፤ ሁሉም የጣት ቁመት ያላቸው፣ ለድስት የማይሆኑ። ዓሊ ጣሳውን ባስቀመጠ ቁጥር፣ "ካቦ፣ ወላሂ አንተ ጤነኛ አይደለህም። ዓሣ ይበላል እንጂ ይቀለባል እንዴ?" ይለዋል። ካቦ ጣቱን ይጠርጋል። "አንተ ታጠምዳለህ፣ እኔ አያለሁ። ማናችን ነን የምንጠግበው?" ይለዋል። ዓሊ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ሌላ ጣሳ ይዞ ይመጣል።

በዚያ ጊዜ ለከተማው ሁሉ መብራት የሚሰጡት ሁለት ማሽኖች ነበሩ፤ አንዱ ሁልጊዜ ታማሚ ነው። ሰኔ ገብቶ ማራገቢያ ያለው ሁሉ ማራገቢያውን ሲከፍት የመንገዱ አምፖሎች እንደ ፍም ይቀላሉ። ስለዚህ ለየቤቱ ገደብ ወጥቷል። ለካቦዎች ሦስት አምፖልና አንድ ማራገቢያ፤ በቆርቆሮው ረድፍ ለምንኖረው ለእኔ ብጤዎች አንድ አምፖል። ሰው ሁሉ ገደቡን ይረግማል፣ በጓሮ ገመድ ይጎትታል። ካቦ ተክሌ ግን በማሽኑ ሕመም የራሱ ልጅ የታመመ ያህል የሚያፍር ሰው ነው። "ይህ መብራት እንዴት እንደሚመጣ እናውቃለን" ይለኛል። "ቤቴ ገብቼ በከንቱ ካፈሰስሁት ጠዋት ማሽኑን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

አኳሪዮውን ሲሠራ አብሬው ነበርሁ። መስታወቱን በብረት ማዕዘን አስሮ በስቱኮ ደፈነው። ሰው ሁሉ ቁመቱን ያረዝማል፤ እሱ እንደ ገበታ ሰፊና ዝቅ ያለ አደረገው። "ውሃ የሚተነፍሰው በፊቱ ነው ሰይድ። ፊቱን አስፋለት፣ ሞተሩ ግማሽ ሥራው ይቀርለታል።" ከዚያ ሞተር ፍለጋ ገባ። ዓሦቹ እንዳይታፈኑ አየር ሌት ተቀን ወደ ውሃው መግባት አለበት፤ ሌት ተቀን የሚሠራ ነገር ደግሞ ጥቂት ካልበላ ቤት ይፈታል ባይ ነው።

ሦስት ነገር ሰበሰበ። አንዱ ከአሮጌ ማራገቢያ የወጣ ሞተር፣ ሁለተኛው አንድ የዓደን ነጋዴ ከመርከብ ያወረደው የውሃ ፖምፓ፣ ሦስተኛው ራሱ የሠራው፤ የበር ደወል ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅልል አውጥቶ፣ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጦ ከአፉ ላይ ወጥሮበታል። መብራት ሲያገኝ ላስቲኩ ይርገበገባል፣ አየር ይገፋል።

"መስኮቱን ጋርድ" አለኝ። ጋረድሁ። አንድ አምፖል አምጥቶ ከሞተሩ በፊት በገመዱ ላይ ቀጠለው፤ መብራቱ በአምፖሉ ሳያልፍ ሞተሩ ጋ እንዳይደርስ። "አሁን ሞተሩ ብዙ ከሳበ አምፖሉ ይጮኻል። ጥቂት ከሳበ ዝም ይላል። ነጋዴው ሊዋሸኝ ይችላል፤ አምፖል አይዋሽም።"

የማራገቢያውን ሞተር ሲያያይዝ አምፖሉ ቦግ አለ። "ይህ ቤት ያፈርሳል" ብሎ ጣለው። ፖምፓውን አያያዘ፤ አምፖሉ ግማሽ ያህል በራ። "ይህ ጨዋ ይመስላል፤ ግን ሆዳም ነው።" የራሱን ሲያያይዝ ጨለመብን። የተቃጠለ መስሎኝ "ካቦ፣ ሞተ" አልሁት። "ጠጋ በል" አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ የአምፖሉ ክር ብቻ እንደ ዝንብ እግር ቀጥኖ ቀልቷል፤ ላስቲኩ ግን ይርገበገባል። ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። "ይህቺ ጿሚ ናት" አለና ሳቀ። "እናንተም እኛም እንዲህ አንጾምም።"

ውሃውን ለማዞር ሌላ ሞተር አላስፈለገውም። አየሩን በቀጭን ቱቦ ከሥር አስገብቶ ሲለቀው አረፋው ውሃውን ይዞት ይወጣል፤ የወጣው ውሃ በዛጎል ስብርባሪ በተሞላ ጣሳ አልፎ ተጣርቶ ይመለሳል። ለሙቀቱም ማራገቢያ አላዞረበትም። ሳጥኑን ፀሐይ ከማይነካው ግድግዳ ሥር አኑሮ ጀርባና ጎኑን እርጥብ ጆንያ አለበሰው፤ የአሰብ ነፋስ ጆንያውን ሲያደርቅ ውሃው ይቀዘቅዛል። አምፖልም አላበራበትም። "ለመስኮቱ ብርሃን ማን ይከለክለኛል?" አለ።

የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ገሠሠ ይህን አኳሪዮ ሊያይ መጣ፣ አየ፣ ቀና። ከዓደን ቁመቱ ሰው የሚያህል መስታወት አስመጣ፤ ትልቅ ፖምፓ ገጠመበት፤ ከላዩ አራት አምፖል አንጠለጠለበት። የሹም ቤት ገደብ የለበትም። በሳምንቱ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ሌላ አስገባ፣ እነሱም ሞቱ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ እንግዶች በነበሩበት ቀን ካቦን አስጠራው፤ መሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሜ ተከተልሁ።

"ካቦ፣ ያንተ ዓሦች ይኖራሉ፣ የኔ ለምን ይሞታሉ? መተት አለህ እንዴ?" አለው አቶ ገሠሠ፣ እንግዶቹን እያሳቀ።

ካቦ ጣቶቹን ጠረገ። ቢቀርበት ምን ነበር? ግን ጠረገ። "ጌታዬ፣ ይህ ፖምፓ መርከብ ያጥባል። ዓሦቹ ተንገላተው ነው የሞቱት። የተረፈውን ደግሞ አራቱ አምፖል ቀቀለው። ዓሣ መብራት አይፈልግም፤ መብራት የሚፈልገው እንግዳ ነው። በዚህ ሳጥን የመንገዱን ግማሽ ማብራት ይቻል ነበር።"

እንግዶቹ ሳቁ። አቶ ገሠሠም ሳቀ። ያን ሳቅ እኔ አየሁት። ካቦ አላየውም፤ ፖምፓውን ሊፈታው ጎንበስ ብሎ ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የካቦ ኩላሊት ታመመና ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ ታዘዘ። እስኪመለስ ቤቱ ለተተኪው ተሰጠ። አኳሪዮውን የት ያድርገው? ሲቸገር አየሁና፣ እኔው በአፌ፣ "የኔ ክፍል ይግባ" አልሁ።

"ያለህ አንድ አምፖል ነው" አለኝ።

"አምፖሉን እነቅላለሁ። ለማንበብ አልፈልገው፣ ምን ያደርግልኛል?"

 ከዚያ ሳጥኑን ከነሰባት ዓሣው አመጣነው። አምፖሌን ነቅሎ በአምፖሉ ቦታ የሞተሯን ገመድ ገጠመ። እኔ ግን ፈራሁ። "ካቦ፣ ጽሕፈት ቤቱን ብናስፈቅድስ?" አልሁት።

"ለምኑ?"

"ለሞተሯ።"

"ለአምፖል ፈቃድ አለህ?"

"አለኝ።"

"ከአምፖል ያነሰ ለሚበላ ነገር ምን ፈቃድ ትጠይቃለህ? ይልቅ ማስፈቀድ ያለበት እሱ ነው" አለና ወደ አቶ ገሠሠ ቤት በአገጩ አመለከተ። ትክክል ነበር። ሁልጊዜ ትክክል ነበር። ያጠፋኝ ይኸው ትክክለኛነቱ ነው። አንድ ወረቀት ቢጽፍልኝ፣ ለዚያ ሰው አንዲት መስመር ጎንበስ ቢል፣ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሊሄድ ሲል ትከሻዬን ይዞ፣ "አደራ ሰይድ፣ በሰማይ አደራ በምድር አደራ" አለኝ። እኔ ባቲ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። አደራ የተባለ ነገር በእጄ ላይ ሲቀመጥ እጄ የእኔ መሆኑ ይቀራል።

ሁለት ወር ከነልጆቼ በጨለማ ተቀመጥሁ። ጎረቤቶቼ፣ "ሰይድ ለዓሣ መብራቱን ለቆ እሱ እንደ አይጥ ይኖራል" ብለው ሳቁብኝ። ግድ አልነበረኝም፤ ጆንያውን በቀን አራት ጊዜ አርሳለሁ፣ ፍርፋሪ እጥላለሁ፣ የሞተሯን ድምፅ እሰማለሁ። ያቺ ድምፅ ናት ያስያዘችኝ።

ሐምሌ ላይ ታማሚው ማሽን ጨርሶ ቆመ። ገመድ የሚጎትት ይያዝ ተብሎ በየቤቱ ፍተሻ ተጀመረ። የፍተሻው ዘዴ ይህ ነበር፤ ቀን መንገድ ለመንገድ እየሄዱ ጆሮ መጣል። ድምፅ ያለበት ቤት ማራገቢያ አለ፣ ማራገቢያ ካለ ሌባ አለ። የሞተሯን ርግብግብ ከበሬ ላይ ሰሙት። አቶ ገሠሠ ራሱ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ገባ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ዓሣ ነው ጌታዬ።"

"ዓሣውንማ አየሁት። ገመዱን ነው የጠየቅሁህ።"

"አምፖሌን ነቅዬ ነው። ይኸው አምፖሉ፣ መደርደሪያው ላይ አለ።" አምፖሉን አንስቼ አሳየሁት። አቧራ ለብሶ ነበር። "ከአምፖል ያነሰ ነው የምትበላው፣ ካቦ ተክሌ ለክቶታል።"

የካቦን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። "ካቦ ተክሌ ለክቶታል! ሌት ተቀን የሚጮኽ ሞተር ከአምፖል ያነሰ ይበላል? እኔን እንግዳ አደረግኸኝ?"

"ይለካ ጌታዬ።"

"ቁረጠው" አለ ጸሐፊውን። ተቆረጠ። ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ወረቀት ጻፈ። ምን እንደሚል ስጠይቀው፣ "ገመዱ በፊትህ መቆረጡን ነው" አለኝ፣ ቀለሙንም ወደ ጣቴ አስጠጋ። መቆረጡን አይቻለሁ፤ አሻራዬን አኖርሁ።

ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ ወደ ላይ መጡ። አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ጣሳ አንስቼ ውሃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስሁት፤ አየር ይግባበት ብዬ። ሳፈስስ ይወርዳሉ፣ ሳቆም ይወጣሉ። በማግሥቱ ከሥራ መባረሬ ተነገረኝ፤ ቤቴ ሆኜ እንዲሁ ስቀዳና ሳፈስስ ዋልሁ። ክንዴ እንጨት ሆነ። ዓሊ ሰምቶ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

"ባሕሩ እዚያ ነው" አለኝ። "በጣሳህ ይዘሃቸው ሂድና ልቀቃቸው።"

"የሱ ናቸው።"

"ወላሂ የሱም ያንተም አይደሉም። ከዚያ ነው ያመጣኋቸው፤ አምስት መቶ እርምጃ አይሆንም።"

"አደራ ነው ዓሊ። ሲመለስ ዓሦቼስ ቢለኝ፣ ጣልኋቸው ልበለው?"

ዓሊ ጣሳውን ተቀብሎኝ እስኪመሽ አብሮኝ አፈሰሰ። ሲነጋ ሰባቱም ሞተው ነበር። እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም። ባሕሩን ከበሬ ሆኜ አየው ነበር።

ካቦ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ሄጄ ጠበቅሁት። ከስቶ ነበር፤ ልብሱ ብቻውን የሚራመድ ይመስል ነበር። መባረሬን ሳልነግረው የዓሦቹን ነገርሁት።

"ስንቱ?"

"ሁሉም።"

"ባሕር አልነበረም?"

"አደራ ብለውኝ..."

"አህያ" አለኝ። ጨርቋን ከኋላው ፈለጋት፤ አልነበረችም፤ ሐኪም ቤት ጥሏት መጥቷል። ጣቶቹን በሱሪው ጠረገ። "ገመዱን ለምን ቆረጡት?" አለ። ነገርሁት። "ምን ላይ ነው የፈረምህ?" አለ። አላውቅም አልሁት።

በቀጥታ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ወረቀቱን አስወጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ፤ "እኔ ሰይድ፣ ከመንግሥት መሥመር በስውር ገመድ በመሳብ ለረጅም ጊዜ መብራት ስሰርቅ መቆየቴን አምናለሁ" ይላል። የፈረምሁትን የሰማሁት ያኔ ነው። ጸሐፊው መስኮት መስኮቱን ያያል። ካቦ ቅጂ ይሰጠኝ አለ፣ ተሰጠው።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከተማው በሙቀት ወድቆ በሚተኛበት ሰዓት፣ ቤቱ ጠራኝ። ያቺን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። "ማንበብ ትማራለህ" አለኝ። ሌላው ሰው ፊደል የሚቆጥረው ከሀ ሁ ጀምሮ ነው። እኔን ያስጀመረኝ ከ"ሰ" ነው፣ ከ"ስሰርቅ" ውስጥ። "መጀመሪያ የተጻፈብህን እወቅ፣ ሌላው ይደርሳል" አለኝ። ያቺ ወረቀት የፊደል ገበታዬ ሆነች። ሲያስተምር ትዕግሥት የለውም፤ ስሳሳት እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጉልበቴን ይመታኛል፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነኝ። ዓመት ሳይሞላ ክሴን ሳላቋርጥ አነበብሁት።

ሞተሯን ደግሞ በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ጽሕፈት ቤት መሄድ ጀመረ። ከአዲስ አበባ አዲስ ባለሥልጣን ወረደ በተባለ ቁጥር ካቦ በሩ ላይ ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይለካ። መለኪያው ማሽን ቤት ተሰቅሏል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ ለመዱት። "ካቦ፣ ዛሬም ሕፃኑን ይዘው መጡ? ጡት ጣለ ወይስ ገና ነው?" ይሉታል። "ይህ ሕፃን ካንተ ያነሰ ይበላል፣ ካንተ የበለጠ ይሠራል" ይላቸዋል። ይስቃሉ። አይለኩም።

"ለምን አይለኩም?" አልሁት አንድ ቀን።

"ከለኩ እኔ ትክክል እሆናለሁ" አለኝ።

በዓመቱ ጸሐፊው ጨው ማምረቻው ድረስ መጣ። አቶ ገሠሠ ምሕረት አድርጎልሃል፤ ጥፋትህን አምነህ ይቅርታ ጠይቅና ወደ ሥራህ ተመለስ አለኝ። ጨው ትከሻዬን ልጦት ነበር። እሺ ልል ምላሴ ላይ ነበር። ካቦን ልጠይቅ ሄድሁ። ጥፋቴ ይህ ነው።

"አትፈርም" አለኝ።

"ልጆች አሉኝ ካቦ።"

"ዱቄት እኔ እልክልሃለሁ። አትፈርም።"

ንዴቴ ወጣ። "እርስዎ የሚሟገቱት ለኔ ነው ለሞተርዎ?" አልሁት።

ጣቶቹን ጠረገ። ረጅም ጊዜ ጠረገ። "ለሞተሯ" አለኝ። ሰው እንዲህ ይመልሳል? ሌላ ሰው ቢሆን ላንተ ነው ብሎ ያታልለኛል። "ሞተሯ ንጹሕ ከሆነች አንተ ንጹሕ ነህ። አንተን ብቻ ከማሩህ ግን እሷ ሌባ ሆና ትቀራለች፤ አንተም የተማረ ሌባ ትሆናለህ።"

አልፈረምሁም። ዱቄቱን በየወሩ ላከ፤ ከደመወዙ ግማሹ ወደኔ እንደሚመጣ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሠላምታ ሳልሰጠው ዱቄቱን የምቀበልበት ወር ነበር። እሱም ሠላምታ አልጠየቀኝም፤ ወረቀት ይዞ መጥቶ "ይህን አንብብ" ይለኛል፣ አነብለታለሁ፣ ይሄዳል።

ሕመሙ ሲመለስበት ሞተሯን ይዞ ተሳፈረ። "አዲስ አበባ የሚለካ ሰው አይጠፋም። የተለካበትን ወረቀት በማኅተም ይዤ እመጣለሁ" አለኝ። አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለችውን ነገር እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ። እጁን አላነሳም፤ እጁ ይዟታል።

ከዚያ ሾፌሩ ነገረኝ። ለሐኪም ቤቱ በገዛ እጄ ደብዳቤ ጻፍሁ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነበር። የሟቹ ዕቃ ለባለቤቱ ተልኳል የሚል መልስ መጣ። አስመራ ለባለቤቱ ጻፍሁ። እሷም፣ "ብርድ ልብሱና ጫማው ደርሶኛል፤ አንድ የዛገ ብረትና ላስቲክ ነበረበት፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ ጣልሁት፤ አዝናለሁ ወንድሜ" ብላ መለሰች። ተለክታ ነበር? አልተለካችም? የሚያውቅ የለም።

አቶ ገሠሠ ተዛወረ። በሱ ቦታ የመጣው ወጣት ሰው ነው፤ የቆዩ መዝገቦች ይዘጉ ብሎ አዘዘና እኔንም አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። አራት ቅጂ ወረቀት ወደኔ ገፋ አድርጎ ለጸሐፊው ቀለም እንዲያመጣ ምልክት ሰጠው።

"አንብቤ ነው የምፈርመው" አልሁ።

ደነገጠ። "ያነባሉ እንዴ አቶ ሰይድ? ይቅርታ። ያንብቡ።"

አነበብሁ። "ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ምሕረት ስለጠየቀ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ ሥራው እንዲመለስ" ይላል።

"አላመንሁም፤ ምሕረትም አልጠየቅሁም" አልሁት። "ይህቺ 'አምኖ' የምትለዋ ትሰረዝልኝ።"

"አስቀድሞ ያመኑበት ወረቀት በመዝገቡ አለ። እሱ እያለ እንዴት እሰርዛለሁ?"

"ይለካ።"

ታሪኩን ሁሉ ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። "ሞተሩን ያምጡልኝ" አለኝ። "አሁኑኑ፣ በእናቴ ስም፣ አብሬዎት ማሽን ቤት ሄጄ አስለካዋለሁ። ከአምፖል ካነሰ ይህን ወረቀት እቀድደዋለሁ። የት አለ?"

"የለም" አልሁት።

"የለም ማለት?"

"ተጥሏል።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎት?" አለኝ። የሚያደርግልኝ ነገር እንዳለ አሰብሁ፤ አጣሁ። እሱም አጣ።  ልጆቼ ሦስት ናቸው። ዱቄት የሚልክ ሰው የለም።

አራቱም ላይ ስሜን ጻፍሁ። ጉዳዩ ያለቀው ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ነው።